ኤርሲሊያ ኮክ ይዛ ኬላ ስትደርስ

ከተራራው ሥር ባለችው ትንሽ ከተማ፣ ቱኑያን ውስጥ ኤርሲሊያን አላውቃትም የሚል ሰው ካለ ወይ እንግዳ ነው ወይ ጆሮው አይሰማም። ድምጿ ከፍራፍሬ ማሸጊያው በር ተነስቶ አደባባዩ ድረስ ይደርስ ነበር። ዕድሜዋን የጨረሰችው እዚያ ማሸጊያ ውስጥ፣ ኮኩ እየተንከባለለ በሚያልፍበት ረጅም ገበታ ፊት ቆማ፣ ትል የነካውን ከጤነኛው ስትለይ ነው። እጇ ከኮኩ፣ አፏ ከወሬው ላይ አይነሳም። ጡረታ ስትወጣ ማሸጊያው ጸጥ አለ ይባላል፤ ሰፈሩ ግን መከራውን አየ።

ደግነቷን ጠላቷም አይክድም። ቤቷ የገባ ሰው ሳይበላ አይወጣም፤ የታመመ ጎረቤት ካለ ደጁ ላይ ሾርባ ይዛ የምትቆመው እሷ ናት፤ እስኪጨርስም ቆማ ታየዋለች። አንድ ክፉ አመል ብቻ አለባት። ያ ሁሉ ቃል የሚፈልቅበት አፍ ይቅርታ ከመጠየቅ ላይ ሲደርስ ይቆለፋል። ባሏ አኒባል ይህን ስለሚያውቅ፣ ከተጣሉ ሁልጊዜ ታራቂውም አስታራቂውም እሱ ነው።

ልጃቸው ማሪሴል ግን አባቷን አልመሰለችም፤ እናቷን ቁጭ ነው። ከተራራው ማዶ፣ ከቺሊ ሰው ጋር ልትጋባ መሆኑን የነገረቻቸው ዕለት ኤርሲሊያ የተናገረችውን መንደሩ በሙሉ ሰምቷል። አገሩ ወንድ አልቆበት ነው ወይ አለች፤ ያን ሁሉ ገደል አልፎ የሚያስኬድ ምን ውበት ተገኘበት አለች፤ በመጨረሻም ሠርግሽ ላይ አልገኝም ብላ ማለች። እውነትም ቀረች። አኒባል ሙሉ ልብሱን ለብሶ ለብቻው ሄዶ ልጁን ድሮ መጣ። ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ በስልክ ይደዋወላሉ እንጂ አይጫወቱም። ደህና ነሽ? ደህና ነኝ። አየሩ እንዴት ነው? ይሞቃል። በቃ። ኤርሲሊያን ከመሰለች ሴት አፍ እንዲህ ያለ ወሬ ሲወጣ መስማት በእውነት አንጀት ይበላል።

በዚህ በጋ ማሪሴል ነፍሰ ጡር ናት። ሰባተኛ ወሯን እንደያዘች፣ አንድ እሑድ ስለ አየሩ ተነጋግረው ሲያበቁ፣ ሳታስበው አመለጣት።

«እማዬ፣ የኩሽናው በር ላይ ያለው ዛፍ አፈራ እንዴ? ነጩ ኮክ አምሮኝ ልሞት ነው። እዚህ ያለውን አልፈልግም፤ ያንን ነው።»

ኤርሲሊያ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ያዘች። ልጇ ከሠርጉ ወዲህ አንዲት ነገር ለምናት አታውቅም። ማሪሴል ራሷ እንዳትመጣ ደግሞ ሐኪሟ ያንን የተራራ ከፍታ ከወለድሽ በኋላ ነው የምታዪው ብሏታል። ስለዚህ መሄድ ያለበት ኮኩ ነው። ይዤልሽ እመጣለሁ ብላ ስልኩን ዘጋችና ወንበር ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከዚያ ተነስታ ቅርጫት ፍለጋ ገባች። ይህችን አንድ ነገር ካላደረሰች ልጇ ዳግመኛ ምንም እንደማትለምናት ልቧ ያውቀዋል።

አኒባል ግን የመንገዱን ነገር ያውቃል። እየተረጋጋ አስረዳት፤ ቺሊዎች ኬላው ላይ ትኩስ ፍራፍሬ አያሳልፉም፤ ዘርም፣ ማርም፣ የቤት አይብም አያሳልፉም። ይዣለሁ ብሎ ያስመዘገበ ሰው ዕቃው ይጣልበታል እንጂ እሱ በሰላም ያልፋል። ደብቆ የተገኘ ግን ቅጣቱ ወገብ ይቆርጣል።

ኤርሲሊያ ይህን ስትሰማ ነደደች። ኮኩ ተራራ ሲሻገር ምን ሊሆን ነው? ቀንድ ያበቅላል? ዕድሜ ልኬን ኮክ የለየሁት እኔ፣ የራሴን ዛፍ ፍሬ ሌላ ሰው ሊመረምርብኝ? አኒባል ትከሻውን ነቅንቆ ወደ መኪናው ወጣ። እሷ ዝም አለች፤ ያን ጊዜ ነበር መጠርጠር የነበረበት። እሱ የመኪናውን ዘይት ሲያይ፣ እሷ አንድ ቅርጫት ኮክ «ለመንገድ ስንቅ» ብላ በግላጭ ከኋላ አስቀመጠች። ምርጥ ምርጡን ግን ለሚወለደው ልጅ በሠራቻቸው የሹራብ ልብሶች፣ አንዱን በኮፍያ፣ አንዱን በካልሲ እየጠቀለለች፣ ሻንጣው ሆድ ውስጥ ቀበረችው።

አሮጌዋ ፔጆ እያቃሰተች ተራራውን ወጣች። አኒባል ይነዳል፤ ኤርሲሊያ ማቴ የሚሉትን የቅጠል መጠጥ በትንሽ ቅል ውስጥ በሙቅ ውሃ እየሞላች ታቀብለዋለች፤ እሱ በቀሰሙ ይመጥጣል፤ ቅሉን ይመልስላታል። ወሬዋ የሚወለደው ልጅ ማንን እንደሚመስል ነበር። አማቿን ስላላየችው መልኩን አኒባል እንዲነግራት ትጠይቃለች፤ ሲነግራት ደግሞ አታምነውም።

በተራራው ውስጥ የተቆፈረውን የመኪና ዋሻ አልፈው ኬላው ሲታያቸው ሰልፉ መንገዱን ሞልቶታል። ወሩ ሰው ሁሉ ወደ ቺሊ ባሕር ለዕረፍት የሚወርድበት ነው። እዚያ ሰልፍ ላይ ቆሞ የማያኝክ ሰው የለም። ከቤቱ ስንቅ አሳምሮ የወጣ ሁሉ፣ ከሚጣልብኝ ልብላው ብሎ ያለ ረሃቡ ይበላል። ከፊታቸው ያሉት፣ ከኮርዶባ ከተማ የመጡ ቤተሰቦች አንድ ክንድ የሚያህል ቋሊማ እየተቀባበሉ ይቆርጣሉ። ከኋላቸው ያለችው ሴት ባሏን ሙዝ ታጎርሰዋለች፤ እሱ በቃኝ ይላል፤ እሷ ትልጣለች።

ኤርሲሊያ እንዲህ ያለ ድግስ እያየች መኪና ውስጥ የምትቀመጥ ሴት አይደለችም። ቅርጫቷን አንስታ ወረደች። በየመኪናው መስኮት እየዞረች አደለች፤ ጠግቤያለሁ የሚላትን ትቆጣለች፤ አንዱን ወስዶ ኪሱ ሊከት ያለውን እዚሁ ብላ ብላ ቆማ አስጨረሰችው። የኮርዶባው አባወራ በምትኩ ቋሊማ ሰጣት። እንደዚህ ያለ ኮክ በሕይወቴ በልቼ አላውቅም ሲላትም፣ የት ታውቅና አለችው። ሰልፉ ላይ ሳቅ ሆነ። ቅርጫቱ ባዶ ሲሆን አኒባል ሆዱን እየዳበሰ ደስ ብሎት ነበር። አሁን ንጹሕ ነን አላት።

ኤርሲሊያ መልስ አልሰጠችም። አኒባል የሚፈራው ነገር ቢኖር የእሷን ዝምታ ነው። ቀስ ብሎ ዞሮ አያት።

«አንቺ ሴት፣ ምን ደብቀሻል?»

«ምንም» አለች፤ ዓይኗን በጨው ታጥባ።

አኒባል ላቡ መጣ። ሌላ ሊጠይቃት ሲል የኬላው መርማሪ፣ አንዲት ወጣት ሴት፣ ፊታቸው ካሉት የኮርዶባ ሰዎች ጋር ክርክር ገጠመች። አያታቸው የፕሪም ከረጢት አልለቅም ብለዋል። መርማሪዋ አልተቆጣችም፤ ጎንበስ ብላ ረጋ ባለ ድምፅ አስረዳቻቸው። አንዲት ትንሽ ዝንብ አለች፤ እንቁላሏን የምትጥለው ፍሬው ውስጥ ነው፤ ከውጭ ሲያዩት ጤነኛ ነው። እዚህ ከታች ያለው ሸለቆ ከገባች የአትክልት ቦታው ሁሉ ይዘጋል፤ ፍሬው የትም አይሸጥም፤ ለቃሚውም አሻጊውም ሥራ ፈትቶ ቤቱ ይቀመጣል።

ኤርሲሊያ ጆሮዋ ቆመ። ከውጭ ጤነኛ የሚመስል ኮክ ሰንጥቃ ስንት ጊዜ ትል አግኝታበታለች! እውነቱን እንናገር ካልን፣ ከራሷ ዛፍ ሥርም ትል ያለበትን ለቅማ ትጥላለች። አንዱ የተበላሸ ሳጥኑን ሙሉ እንዳይጨርስ ብላ አይደለም ወይ ዕድሜዋን ቆማ የኖረችው? ደግሞ ያ መልኩን የማታውቀው አማቿ እንጀራው ከእነዚህ የአትክልት ቦታዎች ነው፤ ማሪሴል ነግራታለች። ልጇን ደስ አሰኛለሁ ብላ የልጇን ቤት ልታፈርስ ነበር።

መርማሪዋ ወደ እነሱ መጣች። «ፍራፍሬ፣ ሥጋ፣ ዘር፣ እንዲህ ያለ ነገር ይዘዋል እናቴ?»

አኒባል መሪውን ጨብጦ ወደ ሰማይ ያያል። ኤርሲሊያ አፏን ከፈተች፤ ዘጋች፤ እንደገና ከፈተች።

«ይዣለሁ» አለች። «ነይ ላሳይሽ።»

ሻንጣውን ራሷ ከፈተች። ከእያንዳንዱ ኮፍያና ካልሲ አንዳንድ ኮክ እያወጣች ደረደረች። አኒባል ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። መርማሪዋ ትንንሾቹን ካልሲዎች አየችና ድምጿ ዝቅ አለ። ሳይፈተሹ ራስዎ ስለተናገሩ ቅጣት የለብዎትም አለቻት፤ ነገር ግን ኮኩ እዚያ በርሜል ውስጥ መግባት አለበት።

«የልጄ ነው። ሰባት ወሯ ነው፤ አምሯታል» አለች ኤርሲሊያ። ድምጿ የወትሮው ድምፅ አልነበረም።

«ይገባኛል እናቴ። ማሳለፍ ግን አልችልም።»

ኤርሲሊያ በርሜሉን አየችው። ልጇ ያማራትን ኮክ እዚያ ውስጥ መወርወር አልቻለችም። እዚሁ ልብላው ወይ ብላ ጠየቀች። ከፍተሻው መስመር ወዲህ ከሆነ ይችላሉ ተባለች። ቆማ በላች። ጭማቂው በክርኗ፣ እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል። ሆዱ ከበሮ ያከለው አኒባል ወርዶ አጠገቧ ቆመና አንዱን ተቀብሎ እያቃሰተ አገዛት። ከኮኩ የተረፈውን ዘር አንድ በአንድ በርሜሉ ውስጥ ጣሉ።

አለቀ ሲባል አነፍናፊው ውሻ መጣ። መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞራት፤ ከዚያ የማቴው ዕቃ ያለበት ቦርሳ ጎን ሄዶ እርፍ ብሎ ተቀመጠ። መርማሪዋ ቅጠሉ ያለበትን ቆርቆሮ ከፈተችው። ከቅጠሉ ጋር የብርቱካን ልጣጭ ሞልቶበታል። ኤርሲሊያ ወደ አኒባል ዞረች። ከተጋቡ ጀምሮ በየማለዳው ብርቱካኑን ልጦ ልጣጩን ምድጃ ላይ አድርቆ፣ ሽታው ደስ ይላል ብሎ ቅጠሉ ውስጥ የሚጨምረው እሱ ነው። የቱኑያን ሰው ሁሉ ያደርገዋል፤ ብርቱካን ፍራፍሬ መሆኑን ግን የቱኑያን ሰው ቆርቆሮው ውስጥ ሲያየው ይረሳዋል።

«ከቤት ጀምሮ ስትሰብከኝ የመጣኸው ሰው!» አለች ኤርሲሊያ። ከዚያ በላይ መናገር አልቻለችም፤ ሳቅ ጣላት፤ መኪናው ላይ ተደግፋ ሆዷን ይዛ ሳቀች። የኮርዶባ ሰዎች ሳቁ፤ ከኋላ ያለው ሙዝ የጠገበው ባል ሳቀ፤ መርማሪዋም ከንፈሯን ብትነክስ አልቻለችም። ቀድሞ ይዣለሁ ስለተባለ ልጣጩንም ከኮኩ ጋር መዘገበችው፤ ቆርቆሮውን በርሜሉ ውስጥ ገለበጠችና መንገድ ሰጠቻቸው። አኒባል አፍሮ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል የተጠማዘዘውን ቁልቁለት ወረደ።

ልጃቸው የምትኖርበት ከተማ፣ ሎስ አንዴስ ሲደርሱ ማሪሴል በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች፤ ሆዷ ቀድሟት ወጥቷል። ኤርሲሊያ ከመኪናው ወረደች። ባዶ እጇን ናት።

«የታለ?» አለች ማሪሴል።

«በላሁት።»

ኤርሲሊያ ሁሉንም ነገረቻት፤ ዝንቧን፣ ካልሲዎቹን፣ በርሜሉን፣ የአባቷን ልጣጭ። በርሜሉ ላይ ስትደርስ ድምጿ ተቆራረጠ፤ ልጣጩ ላይ ስትደርስ ማሪሴል በሩን ይዛ በሳቅ ተጎነበሰች፤ ይበቃል እማዬ፣ እዚሁ ልወልድ ነው እያለች። አኒባል ሻንጣ ይዞ ከኋላ ቆሟል፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ራሱን ይከላከል ነበር።

ሳቁ ሲያልቅ ሁለቱም ዝም ተባባሉ። እንዲህ ያለው ዝምታ ላይ ነበር በስልክ ስለ አየሩ የሚያወሩት። ኤርሲሊያ ግን አየሩን አላነሳችም።

«ለኮክ ብዬ ይህን ሁሉ ተራራ መጣሁ» አለች። «ለሠርግሽ አልመጣሁም። ይቅር በይኝ ልጄ።»

ከኋላ ሻንጣው ከአኒባል እጅ ወድቆ መሬት ሲመታ ተሰማ። ማሪሴል ጠጋ አለች። የእናቷን እጅ ወሰደች፤ አሁንም በጭማቂው ይጣበቃል። ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ዓይኗን ጨፍና ደጋግማ አሸተተችው፤ ጉንጯ ረጠበ።

«የዛፉ ሽታ አለው» አለች። ከዚያ የእናቷን እጅ ሳትለቅ በሩን በትከሻዋ ገፋችው። «ነይ ግቢ፣ ባሌ ራት እየሠራ ነው። ቤቴን እኮ አላየሽውም።»

«አላየሁትም» አለች ኤርሲሊያ፤ ጫማዋን ደጃፉ ላይ ጠረገችና ገባች።