መጭመቂያው ሥር የቀረው ክምር

የወንድሜን ማረፍ የሰማሁት የትራስ ልብስ እየተኮስኩ ሳለ ነው። ወንድሜ የሚሠራበት ሙዚየም አስጎብኚ ደውሎ «እትዬ፣ ርጥቡ... ሆስፒታል ሳንደርስ...» አለኝ። መተኮሻውን ነቀልኩ፤ የተተኮሰውን አጣጠፍኩ፤ ከዚያ ተቀመጥኩ።

ወንድሜን ርጥቡ ያሉት እጅጌው ደርቆ ስለማያውቅ ነው። የተወቀጠ የዛፍ ቅርፊት ከገንዳ በወንፊት እያወጣ ወረቀት ሲሠራ ኖረ። የሠራበት ቤት ሙዚየም ሲሆን እሱ ከነገንዳው ቀረ። ልጆች «አባባ፣ እርስዎም ቅርስ ነዎት?» ሲሉት፣ «ቅርስ አይነካም፤ እኔን ግን ኃላፊዋ በየቀኑ ትነካካኛለች» ይላቸው ነበር።

ኃላፊዋ ገንዳው ደርቆ መስታወት ውስጥ እንዲቀመጥ ትፈልጋለች። እሱ ደግሞ እየሠራ ያለ ነገር ለምን ይታሰራል ባይ ነበር። በመጨረሻ አሮጌ መጻሕፍት የሚጠግኑ ሰዎች ስስ ወረቀት አዘዙት። «እስከ ዓርብ ካስረከብክ ገንዳውን አልነካም» አለችው ኃላፊዋ። ወንድሜ የወደቀው የትዕዛዙን የመጨረሻ ወረቀት አንጥፎ ክምሩን መጭመቂያው ሥር እንዳስገባ ነው።

በቀብሩ ማግስት ሄድኩ። ወረቀቱን ማላቀቅና ማድረቅ ድሮም የእኔ ሥራ ነበር፤ ወንፊቱን ግን ከእሱ በቀር የነካው የለም።

«አይዞሽ እትዬ» አለኝ አስጎብኚው፤ «ውሃው እንዲወጣ መዘውሩን እስከ ጥጉ አጥብቄዋለሁ።»

«መቼ?»

«ያንኑ ዕለት። እንዳይበላሽበት ብዬ።»

መዘውሩን አላልቼ ክምሩን አወጣሁ። ወንድሜ እርጥቡን ወረቀት ያለ ጨርቅ አንዱን በአንዱ ላይ ነው የሚያነጥፈው፤ በየመሐሉ ጠርዝ ላይ አንዲት ክር ብቻ ያጋድማል። ስለዚህ መዘውሩን ጥቂት አዙሮ፣ ዳቦ ገምጦ፣ ተመልሶ ጥቂት ያዞራል። «ከተቸኮለ ይጋባሉ፤ ፍቺ የላቸውም» ይል ነበር። እሱ ራሱ ሳያገባ ነው የሞተው።

ክሩን ሳብኩ። የላይኛው ወረቀት ከመሐል ተቀደደ።

«ጉድ ሠራሁ አይደል?»

«ዝም በልና ውሃ አምጣ።»

ክምሩን እርጥብ ጨርቅ አለበስኩት። እስኪርስ ጠበቅን። ኃላፊዋ መጥታ በር ላይ ቆመች። ጨርቁን ገልጬ ጠርዙን እፍ አልኩት፤ ክሩን በቀስታ ሳብኩ። ተነሣ። አስጎብኚው እልል ሊል አፉን ከፍቶ፣ ኃላፊዋን ሲያይ መልሶ ዘጋው። ሁለተኛውም ተነሣ። ወደ ታች በሄድኩ ቁጥር ግን እየጠነከረ መጣ፤ ከወገቡ በታች ክሩ ራሱ ተበጠሰ። የቀረው አንድ ሳንቃ ሆኗል።

«ግማሽ ነው» አለች ኃላፊዋ። ድምፅዋ ክፉ አልነበረም። «ለእሱ የሰጠሁት ቃል ቃል ነው። እስከ ዓርብ እጠብቃለሁ፣ እትዬ።»

የተላቀቁትን ሰሌዳ ላይ ለጥፌ አደረቅኋቸው። ወንድሜ የወቀጠው ቅርፊት ገንዳው ውስጥ ተርፏል፤ ለጎደለው ይበቃል። አስጎብኚው ወንፊቱን አጥቦ አቀበለኝ። ደጋግሜ ነከርኩ፤ የወጣው ሁሉ ወፍራም ነው፤ ለመጽሐፍ ጥገና አይሆንም።

ይህን የምጽፈው ሐሙስ ነው፤ ማስረከቢያው ነገ ነው። ግማሹ ትዕዛዝ አልተሠራም።