የላቀው መቶ በመቶ

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ሲኬድ፣ ከአስፋልቱ ታጥፎ በጋሪ መንገድ የሚገባበት አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። ስሙን አልጠራም። ብጠራው አንዱ ይቀየመኛል፤ ካልጠራሁት ግን የየትኛውም ትምህርት ቤት ዳይሬክተር «ይሄማ ጎረቤቴ ነው» ብሎ ስቆ ያልፋል። የዚህ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ላቀው ይባላል። መልኩ ደህና፣ ጠባዩ ደህና፤ ጾሙን ይጾማል፣ ለቅሶ አይቀርም። አንድ ነገር ብቻ አይችልም። «የለም» ማለት አይችልም።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። የጂኦግራፊ መምህር ሆኖ በተቀጠረ ሰሞን ከክፍሉ ትምህርት ያቋረጡትን ልጆች እንዳሉ ቆጥሮ ጻፈ፤ በቆሎ አጨዳ የሄደውንም፣ የተዳረችውንም ሳይቀንስ። በግምገማው ቀን ሰው በተሰበሰበበት አቁመው «አንተ ነህ ወረዳችንን ያዋረድኸው» እያሉ ሲያብጠለጥሉት ዋሉ። ግማሽ ተማሪው የጠፋበት የጎረቤት ክፍል መምህር «ያቋረጠ የለም» ብሎ ጽፎ ነበርና ተጨበጨበለት። እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር የሚባለው ለሌላ አገር ሰው ኖሯል። ላቀው ያን ዕለት ትምህርቱን ተማረ፤ ጎበዝ ተማሪ ስለ ሆነ ደግሞ አንዴ ይበቃዋል።

ከዚያ ወዲህ እጁ የሚያሳፍር ቁጥር ጽፎ አያውቅም። ችግኝ ተከላ፣ መቶ በመቶ። የተተከለውን የሰፈሩ ፍየል በሳምንቱ ሙልጭ አድርጎ ሲበላው «የጸደቀው ዘጠና ስምንት በመቶ» አለ። ሁለቷን የተዋት የፍየሎቹ ነገር ይሉኝታ ይዞት መሆን አለበት። የሴት ተማሪዎች መጸዳጃ ቤት ተጠናቋል አለ፤ የተጠናቀቀው ጉድጓዱ ነው፣ እሱም ጥጃ ገብቶበት ሞተ። እንዲህ እንዲህ እያለ ምክትል ሆነ፣ ከዚያ ዳይሬክተር ሆነ።

የኮምፒውተሩም ጉዳይ በዚሁ መንገድ መጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ወረዳው «የኮምፒውተር ክፍል አላችሁ ወይ?» ብሎ ጠየቀ። የጎረቤት ትምህርት ቤቶች «የለንም» ብለው መለሱ። የዋሆች። ላቀው በሩ ላይ በሰማያዊ ቀለም «የኮምፒውተር ክፍል» ተብሎ የተጻፈበት ቤት አለው። ውስጡ የትምህርት ቤቱ ማሳ ያፈራው በርበሬ ተከምሮበታል፤ እግሩ የተሰበረ ዴስክ ተደራርቦበታል። ኮምፒውተር ግን ለምልክት እንኳ የለም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ላቀው «አለን፤ በተሟላ ሁኔታ» ብሎ ጻፈ። በዓመቱ ፍኖተ ሰላም በተደረገው ስብሰባ ሞዴል ተብሎ የምስክር ወረቀት ተሸለመ፤ የወረዳው ኃላፊ አቶ ወንዳወቅ በገዛ እጁ ሰጠው። ወረቀቱን ፍሬም አስገብቶ ቢሮው ግድግዳ ላይ፣ ከወንበሩ በላይ ሰቀለው።

እስከዚህ ድረስ ከጥጃው በቀር የተጎዳ የለም ብለን እንለፈው። ነገሩ የመረረው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በኮምፒውተር ይሰጣል የተባለ ጊዜ ነው። የላቀው ልጅ ያምሮት እዚያው አባቷ ትምህርት ቤት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ከክፍሏ አንደኛ ወጥታ እንጂ ሁለተኛ ሆና አታውቅም፤ ሐኪም እሆናለሁ ካለች ቆይታለች፣ የሚያስተምሯትም ትሆናለች ብለው የቆረጡ ናቸው። ይህችው ልጅ በዕድሜዋ የኮምፒውተር ቁልፍ ነክታ አታውቅም። ላቀው ይወዳታል፤ ይኸን አልክድም። ስሟ ሲነሣ ፊቱ ይፈታል።

የኮምፒውተር መምህርቷ ናጂሃ ትባላለች። የቡሬ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ነገር አታሽሞነሙንም። ኮምፒውተር በሌለበት ኮምፒውተር ስታስተምር ዓመታት ሆኗታል። ባሕር ዳር ያለ አንድ ድርጅት ኮምፒውተር ለሌላቸው የገጠር ትምህርት ቤቶች ከነሶላሩ ይሰጣል ሲባል ሰማችና ማመልከቻውን ቁጭ ብላ ጻፈች። ምን እንደ ጎደለ፣ ማን እንደሚፈተን፣ ማን እንደሚያስተምር፣ ዕቃውን ማን እንደሚጠብቅ፣ አንድ ሳይቀር። ለፊርማ ላቀው ዘንድ ይዛ ገባች። ላቀው አነበበና «ትምህርት ቤቱ አንድም ኮምፒውተር የለውም» የሚለውን ሰርዞ «ያሉትን ኮምፒውተሮች ይበልጥ ለማጠናከር» ብሎ ጻፈበት። ናጂሃ ያሉት የትኞቹ እንደ ሆኑ ጠየቀችው። እንዲሁ አነጋገር ነው፣ አላት።

መልሱ ብዙ አልቆየም። ከወረዳው ባገኘነው መረጃ የተሟላ የኮምፒውተር ክፍል አላችሁ፤ በዚህ ደስ ብሎናል፤ ቅድሚያ የምንሰጠው ግን ለሌላቸው ነው፣ ይላል። የገዛ ውሸቱ ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ እግሩ ሥር ተመልሶ ወደቀ። ሌላ ሰው ቢሆን ያፍራል። ላቀው «ደስ ብሎናል» የምትለውን ደጋግሞ አነበባት።

ናጂሃ ግን አለቀቀችውም። ከምስክር ወረቀቱ ፊት ለፊት ቆማ ለመነችው።

«ጋሼ፣ አንድ መስመር እኮ ነው። ተሳስተናል፣ የለንም ብለው ለወረዳው ይጻፉ። ልጅዎም ተፈታኝ ናት።»

«ተሳስቻለሁ ብሎ ጽፎ ያደገ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?» አላት ላቀው።

አላየችም፤ እኔም አላየሁም። እንግዲያው ያምሮትን ቅዳሜ ቅዳሜ ቡሬ ልውሰዳት አለችው። ዘመዷ በድሩ ገበያው አጠገብ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አለው፤ ያለ ክፍያ ትለማመዳለች። ሚስቱ ንግሥቴም ልጄን አስለምድልኝ ብላ ማታ ማታ ትነዘንዘው ጀመር። ላቀው ሁለቱንም ተቆጣ። የሞዴል ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ልጅ፣ የተሟላ የኮምፒውተር ክፍል እያላት፣ ቡሬ ገበያ መሐል ፊደል ስትለቅም ብትታይ ሰው ምን ይላል? አቤት የአባት ፍቅር! ልጁን ገደል አፋፍ ላይ አቁሞ የሚጨነቀው መንገደኛ እንዳያየው ነው።

በመጨረሻ ናጂሃ ለላቀው ሳትነግረው ባሕር ዳር ደወለች። በወረቀት ላይ ያለውን ተዉት፣ መጥታችሁ በዓይናችሁ እዩ አለቻቸው። ሰዎቹ ደግ ናቸውና እንመጣለን አሉ። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በደህና ያልቅ ነበር፤ በሩን ከፍቶ በርበሬውን ማሳየት ነው። ዳሩ ግን እንግዶቹ ለደንቡ ለወረዳው ሲያሳውቁ አቶ ወንዳወቅ ሰማ። ሞዴል ትምህርት ቤቴንማ እኔው ራሴ አስጎበኛለሁ ብሎ ለላቀው ደወለለት።

ላቀው እንቅልፍ አጣ። በሩን ባዶ ቤት ላይ ቢከፍት ልጁ ትለማመዳለች፣ እሱ ግን በወንዳወቅ ፊት ውሸታም ሆኖ ይቆማል። ባይከፍት ስሙ ይድናል፣ ልጁ ግን ያልነካችው ዕቃ ፊት ተቀምጣ ትፈተናለች። ይኸን ሁሉ አውጥቶ አውርዷል፤ አላሰበበትም የሚል ካለ እኔ እመሰክርበታለሁ። አሰበበት፣ ሲነጋም ባጃጅ ይዞ ቡሬ፣ በድሩ ዘንድ ሄደ።

በድሩ ለትምህርት ቤት ጉብኝት ነው ሲባል ደስ ብሎት ኮምፒውተሮቹን ለአንድ ቀን አዋሰው። ለሠርግ ከሚያከራይ ሰው ጄኔሬተርና የፕላስቲክ ወንበር መጣ። በርበሬው በጆንያ ተሞልቶ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ተጋዘ፤ ቤቱ ተጠረገ፣ ውሃ ተረጨ። ናጂሃን ደግሞ ለዕለቱ ፍኖተ ሰላም ስልጠና አለሽ ብሎ ላካት። ሄዳ አዳራሹ ተቆልፎ አገኘችው። ስልጠናውም እንደ ኮምፒውተሩ፣ በተሟላ ሁኔታ ነበረ።

እንግዶቹ ሲገቡ መጀመሪያ ያደረጉት ማስነጠስ ነው። ውሃ ቢረጩት የበርበሬ ብናኝ በአንድ ቀን ከግድግዳ አይወጣም። ሠርክአዲስ የምትባለው የድርጅቱ ተወካይ በመሐረብ ዓይኗን እየጠረገች ነው ጉብኝቱን የጀመረችው። አቶ ወንዳወቅም እንባው እየወረደ ትምህርት ቤቱን ያመሰግናል፤ ላየው ሰው የትምህርት ፍቅር ያስለቀሰው ይመስላል። ሠርክአዲስ ክፍሉን ዞራ አየች፣ ከዚያ አንድ ተማሪ ላነጋግር አለች። ወንዳወቅ የዳይሬክተሩ ልጅ ጎበዝ ናት ይሉኛል፣ እሷ ትምጣ አለ። ላቀው ይህን አላሰበበትም ነበር።

ያምሮት መጣች። ኮምፒውተሮቹን አየች፣ ጄኔሬተሩን ሰማች፣ የአባቷን ፊት አየች። ሁሉም ገባት። ሠርክአዲስ እጇን ይዛ፣ በእናት አነጋገር፣ አትፍሪ አለቻት።

«በእነዚህ ትማሩባቸዋላችሁ? እውነቱን ንገሪኝ፤ እኛ የመጣነው የጎደላችሁን ልንሞላ ነው።»

እዚህ ላይ ላቀው አፉን መክፈት ይችል ነበር። ማንም አልያዘውም። ወንዳወቅም ቢሆን መሐረቡ ውስጥ ነበር። ላቀው ግን ዓይኑን ወደ ጣሪያው ሰቀለና ላቡን ጠረገ። ያምሮት ጥቂት ጠበቀችው፤ የሚናገር መሰላት። እንደማይናገር ስታውቅ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ቀስ ብላ፣ በጨዋ ልጅ ድምፅ መለሰች።

«እንማርባቸዋለን። ለእኛ ይበቃናል። ለሌላቸው ብትሰጡ ነው የሚሻለው።»

ሠርክአዲስ አቅፋ ሳመቻት። ላቀው በዚያች ሰዓት የተሰማውን ታውቃላችሁ? እፎይታ ነው። እፎይታና ኩራት፤ ምን ያለች ልጅ አሳደግሁ ብሎ። ልጅቱ የገዛ ዕድሏን አንስታ ሰጠችለት፣ እሱ ምርቃቱን ይቆጥራል። ድንቄም አባት!

ናጂሃ ከፍኖተ ሰላም ስትመለስ የእንግዶቹ መኪና ሄዷል፤ የበድሩ ኮምፒውተሮች ወደ ባጃጅ እየተጫኑ ነው። ላቀውን አልፋው ሄደች። ያምሮትን ወደ ጥግ ወስዳ ምነው፣ ምን ነካሽ አለቻት።

«አባቴን በሰው ፊት ላዋርዳቸው?» አለች ያምሮት።

የድርጅቱ ኮምፒውተሮች ወንዝ ማዶ ላለው፣ «የለንም» ብሎ ለጻፈው ትምህርት ቤት ተሰጡ። ሶላሩ ከጣሪያው ላይ ሲያብለጨልጭ ከላቀው ቢሮ መስኮት ይታያል። ላቀው መጋረጃ አሰፋ። ናጂሃ ያምሮትን ማዶ ላሻግራት ብላ ብትጠይቀውም የሞዴል ትምህርት ቤት ልጅ ከእነሱ አትማርም አለ። ያምሮትም አባቷ ካልፈቀዱ አልሄድም አለች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ፣ ወራቱ እንዲሁ አለፈ።

ፈተናው ሲደርስ ልጆቹ እንደ ልማዱ በመኪና ተጭነው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሄዱ። እዚያ የሆነውን ያምሮት ኋላ ለናጂሃ ነግራታለች። አሠራሩ ተነግሯቸዋል፤ በማይክሮፎን፣ ከሩቅ፣ ከዚህ በፊት ለነካ ሰው በሚገባ ቋንቋ። የማዶው ትምህርት ቤት ልጆች አጠገቧ ተቀምጠው ጥያቄውን እየነኩ ያልፉታል። ያምሮት የመጀመሪያውን ጥያቄ አነበበች፤ ታውቀዋለች፣ እንደ ምንም ብላ መለሰችው። ከዚያ ቀጣዩ ጥያቄ ራሱ የሚመጣ መሰላት። እጇን አጣጥፋ፣ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ጠበቀችው። ፈታኙ ሲያልፍ አያት፤ ጨርሳ የተቀመጠች መሰለችው። ሰው አላስቸግርም ብላ እሷም አልጠየቀችም። ቀጣዩን መንካት እንዳለባት የገባት የመጀመሪያው ፈተና ሰዓት ሊያልቅ ሲል ነው። በኋላ በኋላ እጇ ለመደ፤ ልቧ ግን ያን ቀን ተሰብሮ ነበርና የቀሩትንም እንደምታውቀው አልሠራችም።

የተመለሰች ዕለት ላቀው በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። ንግሥቴ ጉንጯን ስማ ሻንጣዋን ተቀበለቻት። ላቀው ራስ ራሷን እያሻሸ፣ እንዴት ነበር ልጄ፣ አላት። እውነት ለመናገር የፈራውን ያወቀ ሰው ድምፅ ነበር። ምናልባት ያን ጊዜ እውነቱን ቢሰማ ይችለው ነበር። ያምሮት ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን እያየች መለሰችለት።

«መቶ በመቶ ነው፣ አባየ። እንደዚያ ብለው ይጻፉት።»

ሰኞ ጠዋት ወረዳው ፈተናው እንዴት እንዳለፈ ጠየቀ። ላቀው እንደዚያው ብሎ ጻፈው።