ዶዮገና ተኝቶ የቀረው ኮምፒውተር

ከአዲስ አበባ ሄጄ ሆሳዕና ኮምፒውተር በምጠግንበት ጊዜ ነው። ዶዮገና ያለ አንድ መሥሪያ ቤት «ኮምፒውተራችን ተኝቶ ሲነሳ ድርቅ እያለ አስቸገረን» ብሎ ጠራኝና በሚኒባስ ተሳፈርኩ። መንገድ ላይ ጸሐፊዋ ደወለች። ሪፖርቱ ዛሬ መድረስ ስላለበት ልታለቅስ ምንም አልቀራትም። መስመሩ ስለሚቆራረጥ እየጮህኩ ነው የማወራት።

«ከተኛ በኋላ ነው አልነሳ ያለው? ሲተነፍስ ይሰማሻል? ይሞቃል? በቃ አትነካኪው፣ ካልሆነ መጥቼ እከፍተዋለሁ!»

ስልኩን ስዘጋ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ፊታቸው ተለዋውጧል።

«ልጄ፣ ስንት ዓመቱ ነው?»

«አራት ዓመቱ ነው እማማ። አቧራ ላይ ጥለውት ነው እንጂ ገና ነበር» አልኳቸው።

እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ለሾፌሩ በከምባትኛ አንድ ነገር ነገሩት። እኔ ቋንቋውን አልችልም። ሾፌሩ በመስታወት አየኝና ነዳጁን ረገጠው። ከዚያ በኋላ «ወራጅ አለ» የሚል ጠፋ። መውረጃቸው ያለፈባቸው ሰዎች እንኳ በሐዘኔታ ያዩኛል።

ዶዮገና ስንደርስ መኪናው በቀጥታ ጤና ጣቢያ ግቢ ገብቶ ቆመ።

«ዶክተር፣ ደርሰናል!» አለኝ ሾፌሩ።

ነገሩ ያኔ ገባኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ካቻቢቴና ሦስት ሲዲ ብቻ ነው። ምን ብዬ እንደማስረዳ ሳስብ፣ እማማ ቀድመው ወርደው ነግረዋት ኖሮ፣ አንዲት ነርስ ካርድና እስክሪብቶ ይዛ እየሮጠች መጣች።

«የሕፃኑ ስም?»

«ኮምፒውተር» አልኳት።

ቀና እንኳ ሳትል ጻፈችና «የአባት ስም?» አለችኝ።