ወደ ግራ የሚጠብቀው ዳዶ

ወልድያ፣ ጋሽ ይመር ሱቅ የገባሁ ቀን መጀመሪያ የተሰጠኝ ሥራ ብረት ማሽተት ነበር። ከዚያ በፊት የጭነት መኪና ረዳት ስለነበርኩ መኪና አውቃለሁ ባይ ነኝ። ጋሽ ይመር የአሮጌ መኪና ዕቃ ነጋዴ ናቸው። ጠረጴዛው ላይ አንድ ፒስተን አስቀመጡና፣ «ከየት መጣ?» አሉኝ።

«ከሞተር» አልኩ።

«እሱንማ እናቴም ታውቃለች። ከሞተር ወጥቶ የት ሰነበተ?»

አነሳሁት፣ አገላበጥኩት፣ አሸተትኩት። በርበሬ በርበሬ ይላል። ለካ አንዲት የመርሳ ሴትዮ ሙቀጫ አድርገውት ኖረዋል።

«በእኛ አገር መኪና ይሞታል እንጂ አይቀበርም» አሉኝ ጋሽ ይመር። ባሌስትራው ማረሻና ቢላዋ ይሆናል፣ ቸርኬው ምድጃ ወይም የቤተ ክርስቲያን ደወል፣ የነዳጁ ጋን የጠላ ጋን። የእኛ ሥራ ዕቃው ከሞተ በኋላ በማን ቤት እንደኖረ ማወቅ ነው።

አሠራሩን ያስተማሩኝ በቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ማሽተት። ቀጥሎ ሳይታጠብ ማየት። ከዚያ በነጭ ጋዝና በሽቦ ብሩሽ ማጠብ፣ የፋብሪካውን ምልክትና ቁጥር ማንበብ። በመጨረሻ ጥርሱን መሞከር፤ ብሎን ከሆነ ዳዶ፣ ዳዶ ከሆነ ብሎን ፈልጎ ማዞር። «ቁጥር ማንም በመሮ ይቀርጸዋል፤ ጥርስ ግን አይዋሽም» ይሉ ነበር።

በኋላ ላሊበላ የራሴን ሱቅ ከፈትኩ፤ ባጃጅ ተራው አጠገብ። ደንበኞቼ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ባጃጁ የቆመበት ነው፤ እሱ ዕቃውን አሁኑኑ ይፈልጋል። ሁለተኛው አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ የአባቱን መኪና የሚያድስ ነው። እሱ አሥር ዓመት ይጠብቃል፤ ግን ወረቀት ይፈልጋል። ዕቃው ከየትኛው መኪና እንደወረደ፣ በማን በማን እጅ እንዳለፈ እጽፍና እፈርምበታለሁ። ክፍያውም ከፊርማ በኋላ ነው። ፊርማዬ አንድ ጊዜ ከዋሸ የሚቀረኝ ጎማ መለጠፍ ብቻ ነው።

አንድ ጊዜ አንዱ ጎበዝ አዲስ የመብራት ቀለበት በጨውና በላም ሽንት ቀብሮ አምጥቶልኝ፣ «የአያቴ ነው» አለ።

«አያትህ ባለፈው ሳምንት ነው እንዴ የተወለዱት?» አልኩት። ዝገቱ ከላይ ብቻ ነበር፤ የብሎኑ ቀዳዳ ውስጡ እንደ መስተዋት ያበራል። ተቀይሞኝ ሄደ። ዛሬ ጥሩ ወዳጄ ነው፤ ለሆቴሎች ግድግዳ ላይ የሚሰቀል «ጥንታዊ» ዕቃ ይሠራል።

እስካሁን ያወራሁት ያወቅሁትን ነው። ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ የተሳሳትኩትን ነው።

አንድ ጡረታ የወጡ ኢንጂነር ከአዲስ አበባ በስልክ አገኙኝ። የአባታቸውን የድሮ የወታደር ጂፕ ሊያስነሱ ነው። የጎደለቻቸው አንዲት የፊት ታንቡር ናት፤ ፍሬኑ ከውስጥ የሚይዛት፣ የጎማው ብሎኖች የበቀሉባት፣ እንደ ድስት የጎደጎደች ብረት። «ተመስሎ የተሠራ አልፈልግም» አሉ። «የጥንቱ ይሁን፤ ከነብሎኑ፣ ከነታሪኩ።» የጠሩት ዋጋ ሁለት የእርሻ በሬ ይገዛል።

እንዲህ ያለ ጂፕ አንድ አውቅ ነበር። ከፍላቂት ወዲህ ገደል ገብቶ የቀረ ነው። ፈታትተው የጨረሱት የባለቤቴ አክስት የእትዬ ደብሬ ባል ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማረው።

እትዬ ደብሬ ቤት ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ቆሜ፣ ገና ሳልቀመጥ፣ «እትዬ፣ የዚያ ጂፕ ታንቡር የለም? ሁለት በሬ የሚገዛ ዋጋ መጥቷል» አልኩ። ሳልቀመጥ ማለቴን ያዙልኝ።

 የእትዬ ደብሬ በሬ አምና ሞቷል፤ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥተው የሚደርሳቸውን ይጠብቃሉ።

«ሁለት ነበር» አሉ። «የግራውን ባሌ ለማርያም ሰጠ፤ ደወል ሆኗል። የቀኙ አንድ ቦታ አይጠፋም። ልፈልግና ገበያ ስወጣ ይዤልህ እመጣለሁ።»

በሁለተኛው ቅዳሜ በጆንያ ጠቅልለው አመጡልኝ። ጥላሸት በጥላሸት ነው። «ምድጃ ሥር ነበር» አሉ። ጣቴን ሳሳርፍበት ጥላሸቱ ጣቴ ላይ ቀረ። የከረመ ጥላሸት ብረቱን ይዞ ይቀራል እንጂ ጣት አይከተልም። አየሁትና አለፍኩት። በሠርጌ ቀን ከሁሉ ቀድመው እልል ያሉ ሴት ናቸውና አለፍኩት። ቁጥሩን አነበብኩ፤ ትክክል ነው። የብሎኖቹ ጥርስ በጥላሸትና በጭቃ ተደፍኗል፤ «ኋላ አጥበዋለሁ» አልኩ። ጋሽ ይመር ቢያዩኝ በዚያው ታንቡር ራሴን ይሉኝ ነበር።

መንትያዋን ሳላይ ግን አልፈርምም። ከአንድ መኪና የወረዱ ሁለት ታንቡሮች የፋብሪካ ምልክታቸው አንድ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ያለው ከእኔው ጋር ከገጠመ ታሪኩ ሙሉ ይሆናል።

«ምን አደከመህ? ከፍ ብሎ ነው የተሰቀለ፣ አይነበብም» አሉኝ እትዬ ደብሬ።

«መሰላል አይጠፋም» አልኩ።

በማግስቱ እሑድ ወደ እትዬ ደብሬ አገር ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ከመንገዱ ወርጄ ታንቡሩን በጆንያ ተሸክሜ ግማሽ ሰዓት በእግሬ ሄድኩ። ከቅዳሴ በኋላ ሰው ይበተናል ብዬ ነበር። አልተበተነም። ወንዱም ሴቱም ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ሜዳው ላይ ተቀምጧል፤ ዳር ዳሩን ሚሊሻ ቆሟል። ፊት ለፊት፣ ከሰው ተለይተው አንድ ሽማግሌ ኩርምት ብለዋል።

አውጫጭ ነው። ነገር ሲጠፋ አገሩ ይሰበሰባል፤ የሚያውቅ እስኪናገር ድረስ ሰው ቤቱ አይገባም፣ ከብት ውሃ አይወርድም።

«ምን ጠፍቶ ነው?» አልኩት ዳር የተቀመጠ ሰው።

«ደወላችን ነዋ! ይኸው ሳምንት አለፈው። እኒያ ዘበኛው አባ ሞላ ናቸው። ተኝቼ ነበር ይላሉ።»

ጆንያው ትከሻዬ ላይ ከበደኝ። ቀስ ብዬ ልመለስ ስል አንዱ ሚሊሻ መንገዱን ያዘ።

«ወንድም ዓለም፣ አውጫጭ ገብቶ መውጣት የለም። ምን ተሸክመሃል?»

«ብረት።»

«የምን ብረት?»

በሥራ ዘመኔ ብዙ ከባድ ጥያቄ ተጠይቄአለሁ፤ እንደዚያች አጭር ጥያቄ ያላበኝ የለም። ጆንያውን ተቀብሎ ገለበጠው። ታንቡሩ ሣሩ ላይ ተንከባለለና ቆመ።

ሜዳው ተነሣ። «ደወሉ!» አለ አንዱ። «የእኛማ እንዲህ አልጠቆረም» አለች አንዲት ሴት። «ሌባ ነውና አጠቆረዋ!» ድንጋይ ያነሣ ሰውም አይቻለሁ።

የቤተ ክርስቲያኑ ንብረት ኃላፊ ቄሰ ገበዙ መስቀላቸውን ከፍ አደረጉ። «ቁጭ በሉ! ማነው ስምህ?»

«ሲሳይ እባላለሁ፣ አባታችን። ላሊበላ የመኪና ዕቃ ነጋዴ ነኝ።»

«ይህን ከማን አገኘኸው?»

ሴቶቹ መካከል እትዬ ደብሬን አየኋቸው። ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል፤ የሚታየኝ ዓይናቸው ብቻ ነው።

«ከማን እንዳገኘሁት ከመናገሬ በፊት የእናንተ መሆን አለመሆኑ ይጣራ» አልኩ። የነጋዴ መልስ ናት፤ ጊዜ ታስገኛለች።

አንድ ዲያቆን በድንጋይ መታው። መሬት የተቀመጠ ብረት ድምፁን ይውጣል፤ «ዷ» ብሎ ዝም አለ። ግማሹ የእኛ ነው፣ ግማሹ አይደለም ተባባለ። ያኔ ቄሰ ገበዙ ከመሐረባቸው ውስጥ ዳዶዎች አወጡ።

«ሌባው ማንጠልጠያውን ወይራው ላይ ትቶ፣ ዳዶዎቹን ከሥሩ ጥሎ ነው የሄደ። ከገባ የእኛ ነው፤ ካልገባ አይደለም።»

ሚሊሻው አንዱን ብሎን በፎጣው ጠረገና ዳዶውን ገጥሞ ወደ ቀኝ አዞረ። አልያዘም። ሌላው ብሎን ላይ ሞከረ። አልያዘም።

«አልገባም!»

«እሰይ!» አለ ሕዝቡ። ሚሊሻው ትከሻዬን መታ መታ አደረገ። «ሂድ፣ ንጹሕ ነህ።»

ትንፋሼን ሳልጨርስ ከኋላ አንዱ ጮኸ። «እንግዲያ ከዘበኛው ሌላ ማን አለ! ሸጦት ነው ተኝቼ ነበር የሚለን!»

«በማርያም፣ እኔ…» አሉ አባ ሞላ። መሬቱን ተደግፈው ሊነሡ ሞከሩ።

ዳዶውን ከሚሊሻው ተቀበልኩት። ጠርዙ ላይ ቀጭን ጭረት አለች። የዚያ ዘመን ጂፕ የግራ ጎማ ዳዶ ምልክቱ እሷ ናት። የግራ ጎማ ጥርሱ ግልብጥ ነው፤ ጎማው ሲሽከረከር እንዳይላላ ወደ ግራ ነው የሚጠብቀው። ወደ ቀኝ ካዞሩት የገዛ ብሎኑም አይቀበለውም። ነጻ ያወጣኝ ሙከራ ምንም አላጣራም ነበር።

ደግሞ አንድም ዳዶ ጠርዙ አልተበላም። ያላወቀ ሌባ ሊፈታው ወደ ግራ ሲታገል ይብስ ያጠብቀዋል፣ ጠርዙን ይበላዋል። ይህን የፈታ ሰው የዚያን ጂፕ ጠባይ ያውቃል፤ ወይም ከሚያውቅ ሰው ጋር ጎጆ ወጥቶ ኖሯል።

እትዬ ደብሬን አየሁ። አዩኝ። ራሳቸውን በቀስታ ነቀነቁ፤ ተወው ነው።

ጆንያዬን አንሥቼ መሄድ እችል ነበር። ቤቴ ሰላም፣ ኢንጂነሩ ደስተኛ። ለጽድቅ ብዬ ቀረሁ ብል ላስታ ውስጥ የሚያምነኝ ሰው የለም። ነገር ግን የምኖረው ዕቃ በመሞከር ነው፤ ያ ሙከራ ደግሞ ስሕተት ነበር፣ ስሕተቱም አንድ ሽማግሌ ላይ ሊፈርድ ነበር።

«አባታችን፣ ወደ ግራ ይሞከር» አልኩ።

«ምን አልክ?»

«ጥርሱ ግልብጥ ነው። ወደ ግራ ይዙር።»

«አሁን ይህ ሰው ጤነኛ ነው?» አለ ሚሊሻው። «ለቅቀነው እኮ ነው!»

ብሎኑን ከኪሴ ባወጣሁት የሽቦ ብሩሽ ጠረግሁና ዳዶውን ገጥሜ በሁለት ጣቴ ወደ ግራ አዞርኩት። ያዘ። አንድ ዙር፣ ሁለት፣ ሦስት። ያለ ቁልፍ እስከ ሥሩ ገባ።



«እንግዲህ ተናገር» አሉ ቄሰ ገበዙ።

አፌን ስከፍት እትዬ ደብሬ ተነሡ።

«አማቼን ተዉት። እኔ ነኝ። የቀኝ የሚባል የለም፤ ከገደሉ አልወጣም።»

«የታቦት ንብረት መሆኑን ሳታውቂ ነው፣ ደብሬ?»

«አውቃለሁ አባቴ። ባሌ የሰጠው ነውና የእኔም ይመስለኛል። ያለ በሬ ከረምኩ። ይህ ሰው ደጄ ቆሞ ሁለት በሬ አለኝ። ከዚያ ወዲያ ደወሉ በተመታ ቁጥር የምሰማው በሬ ሆነ።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ብዙው አልሳቀም፤ ያለ በሬ የከረመው እሳቸው ብቻ አልነበሩም።

ቄሰ ገበዙ ወደ እኔ ዞሩ። «ዕቃውን ሳታይ ነው ዋጋ የጠራኸው?»

«አዎ፣ አባታችን።»

«ለመበለት? ደጃፏ ላይ ቆመህ?»

«አዎ።»

ሽማግሌዎቹ ፈቀቅ ብለው ተመካከሩ። እትዬ ደብሬ የአባ ሞላን ጉልበት ስመው ይቅርታ ጠየቁ፤ ቀሪው ለነፍስ አባታቸው ተተወ። ለእኔ የተፈረደብኝ ይህ ነው፦ «አንተ መልሰህ ስቀለው። ዳግመኛ እንዳይፈታ አድርገህ።»

መሰላሉ መጣ። እትዬ ደብሬ ታንቡሩን ከሥር ደግፈው ያዙልኝ፤ እኔ አምስቱንም ዳዶ ወደ ግራ አጠበቅሁ። ከዚያ በመዶሻ የብሎኖቹን ጫፍ ቀጠቀጥኩ፣ ጥርሱ እስኪደፈጠጥ ድረስ። ለኢንጂነሩ ከእንግዲህ ቁራጭ ብረት ነው። በሩብ ሰዓት ሁለት በሬ ያረድኩት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ለኢንጂነሩ ደወልኩላቸው። ዕቃው እንደተገኘ፣ ባለቤት እንዳለው፣ እንደማይሸጥ ነገርኳቸው። ታሪኩን እስከ መጨረሻ አዳመጡና፣ «ወረቀቱንስ ልትልክልኝ ትችላለህ?» አሉ። ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ላክሁላቸው። በነጻ ነው ያደረግሁት። ባለቤቴ በአክስቷ ነገር ተቀይማ ያን ዓመት ፍልሰታን ከሥጋም ከእኔም ጾመች።

ከዚያ ወዲህ ሰው ቤት ስሄድ እቀመጣለሁ። ዕቃው ይውጣልኝ እላለሁ። አሸታለሁ፣ አያለሁ፣ አጥባለሁ፣ ዳዶውን በቀኝም በግራም አዞራለሁ። ዋጋ የምጠራው ከዚያ በኋላ ነው።