ሽማግሌዎች የቆሙበት ዳቦ ቤት

ባለፈው ዓመት ያረፉት፣ ሁላችን ጋሼ የምንላቸው ዳቦ ጋጋሪ ጎረቤቴም አከራዬም ነበሩ። ደባርቅ አስተማሪ ሆኜ ስመጣ የተከራየኋት ክፍል ከምድጃቸው ጋር አንድ ግድግዳ ትጋራ ነበር፤ የደባርቅን ብርድ የሚያውቅ ምን ዓይነት ዕድል እንደሆነ ይገባዋል። ለማያውቀው ልንገረው፦ እዚህ በኅዳር ጠዋት ባልዲ ውስጥ ያደረ ውኃ የበረዶ ቆዳ ያወጣል። ሊጥም እንደ ሰው ካልደረቡለት አይነሣም። ጋሼ የራሳቸውን ጋቢ ለሊጡ አልብሰው እሳቸው አሮጌ ካፖርት ደርበው ይተኛሉ። ሚስታቸው «ከእኔ ይልቅ ለሱ ታስባለህ» ሲሏቸው፣ «አንቺ ቢበርድሽ ትናገሪያለሽ፤ እሱ ዝም ብሎ ነው የሚሞተው» ይሉ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። በእኛ ገጠር ወንድ ያርሳል፣ ያጭዳል፣ ይወቃል፤ ጓዳ ገብቶ ዱቄት መንካት ግን ነውር ነው። ጋሼ የዳባት ገበሬ ልጅ ናቸው። ጎንደር ዳቦ ቤት ተቀጥረው ሙያውን ለመዱና ደባርቅ የራሳቸውን ሲከፍቱ «ሊጥ አቡኪው» የሚል ስም ወጣላቸው። ከተሜው ስሙን ቶሎ ተወው። ዳቦው ጥሩ ነበር፤ ሰውየውም ይወደዱ ነበር። ትንሿን ልጃቸውን ትምህርት ቤት የሚያደርሷት ራሳቸው ነበሩ፣ ያውም ዱቄቱን ከቅንድባቸው ሳያራግፉ። ተማሪዎቼ በር ላይ ይጠብቋቸዋል።

«ጋሼ፣ አመዳይ መታዎት እንዴ?»

«አዎ፣ ዳሸን አናት ላይ ነው ያደርኩት» ይላሉ ሳይስቁ።

የገጠሩ ሰው ግን ዳቦውን እየገዛም ስሙን አልተወውም። ይህ ነገር አንድ ጊዜ ብቻ ሊጎዳቸው ደረሰ። ትልቋን ልጃቸውን የጃናሞራ ተወላጅ የሆነ የሥራ ባልደረባዬ ወደዳት፣ እሷም ወደደችው። ልጁን ያሳደጉት አጎቱ ናቸው። አጎትየው ነገሩን ሲሰሙ «ሊጥ ከሚያቦካ ወንድ ጋር አልጋባም» አሉ። ስንት ተለምነው «እሺ፣ ሽማግሌ ሆኜ ልሂድና ቤቱን በዓይኔ ልየው» አሉ። ባልደረባዬ ደግሞ እንደ አባት ያሳደጉትን ሰው ረግጦ አያገባም። እንግዲህ የልጅቱ ትዳር በአንድ ጠዋት ላይ ተንጠለጠለ።

ሽማግሌዎቹ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የጋሼ ታናሽ ወንድም ከዳባት መጣ።

«ወንድም ጋሼ፣ ነገ እሳት አይንደድ። ቤቱን ዘግተው፣ ጋቢዎን ለብሰው ሳሎን ይቀመጡ። ዳቦውን ትተው የእህል ነጋዴ ሆነዋል እንላለን።»

«ነገ እኮ ቅዳሜ ገበያ ነው።»

«አንድ ቀን ዳቦ ቢያጣ ደባርቅ አይፈርስም።»

ጋሼ ዱቄቱን መንፋታቸውን አላቆሙም። «የእህል ነጋዴ ልጅ ናት ብለህ ከዳርካት፣ የዳርከው የሌላ ሰው ልጅ ነው» አሉት።

ሁላችንም ወደ ልጅቱ ዞርን። ማገዶ ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። ነገሩ ቢበላሽ የምታጣው እሷ ናት። እንጨቱን ምድጃው አጠገብ አወረደችና «አባዬ፣ ይንደድ» አለች።

ወንድምየው «አባትና ልጅ ተማክራችሁ አዋረዳችሁን» ብሎ ወጣ።

ሽማግሌዎቹ ሌሊት ተነሥተው፣ በአይሱዙ ጀርባ የጨነቅን ብርዳም ተራራ አቋርጠው፣ በጠዋቱ ከተፍ አሉ። ሦስት ናቸው፤ አጎትየው ከፊት። እዚህ ላይ ወጉን ማስረዳት አለብኝ። ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ መልስ እስኪያገኝ አይቀመጥም፣ እህልም አይቀምስም። የልጅቱ ወገን ደግሞ ወዲያው እሺ አይልም፤ «ዘመድ እንማከር» ብሎ ቀጠሮ ይሰጣል፤ ያመላልሳል።

ጋሼ ረጅሙን የእንጨት አካፋ ይዘው ምድጃው አፍ ላይ ነበሩ። «አባቶቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ እሳቱ አይለቀኝም። እዚሁ ሙቀቱ አጠገብ አረፍ በሉ።»

«ቆመን ነው የምንናገር» አሉ አጎትየው፣ ግድግዳ ግድግዳውን እያዩ።

ቆሙ። የመጀመሪያው ዳቦ ወጣ። ሽታው ቤቱን ሞላው። ገበያተኛው ከበሩ ጀምሮ ተሰልፏል፤ ሚስትየው ይሸጣሉ፣ ልጆቹ ያቀብላሉ። ከተሰለፉት አንዷ አጎትየውን አወቀቻቸው፤ የሰፈራቸው ሴት ናት።

«አያ፣ ምን ቆመው ነው?»

«ጉዳይ አለኝ።»

«ለልጄ ክርስትና የበሉት ዳቦ ከዚህ ቤት ነው እኮ። ሁለተኛ ቁራሽ ደብቂልኝ ያሉኝ።»

ሰልፈኛው ሳቀ። አጎትየው «እናትሽ የጋገረችው አልነበረም?» አሉ ዝግ ብለው።

«እናቴማ ዓይኗ ከደከመ ቆየ። እሳቸው ናቸው» ብላ በአገጯ ጋሼን አመለከተች።

አጎትየው ጋሼን ከእግር እስከ ራስ አዩአቸው። ከዚያ ዳቦውን አዩ። ምራቃቸውን ሲውጡ አይቻለሁ፤ ከሌሊት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። በመጨረሻ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን መጥተናል። ይህን ዳቦ የጋገረ ሰው ያሳደጋት ልጅ ቤቴ ብትገባ ለእኔ ክብር ነው» አሉ።

ይህን ሲሰማ፣ ትናንት አዋረዳችሁን ብሎ ወጥቶ ጠዋት የተመለሰው ወንድምየው ደረቱን ነፋ። «ወግ ወግ ነው» አለ። «ዘመድ እንማከር፤ በአሥራ አምስት ቀን ተመለሱ።»

እውነቱን ለመናገር ጋሼ ቀጠሮ ቢሰጡ ያምርባቸው ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ስም ሲያወጣላቸው የኖረው ገጠር አሁን ምድጃቸው ፊት ቆሞ ይለምናል። ጋሼ ልጃቸውን አዩ፤ አንገቷን ሰበር አድርጋ ፈገግ አለች። አካፋውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ።

«እዚህ ቤት የራበው ሰው ቀጠሮ ተሰጥቶት አያውቅም። ሰጥቻችኋለሁ። ተቀመጡና ብሉ።»

ሦስቱም የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጡ። አጎትየው ትኩሱን ዳቦ ባረኩት፣ ትዳሩንም መረቁ፤ በሩ ላይ የተሰለፈው ገበያተኛ በሙሉ «አሜን» አለ። ከሁለተኛው ቁራሽ በኋላ አጎትየው አፋቸውን ጠርገው ወደ ጋሼ ዘንበል አሉ።

«የሠርጉን ዳቦ የእኛንም ወገን እርስዎ ይጋግሩልን።»

«ስንዴ ካመጡ ምን ችግር አለ።»

ጥር ላይ አጎትየው ስንዴ የጫኑ በቅሎዎች እየነዱ መጡ። የመጡት በኋላ በር አልነበረም፤ በገበያው መሐል ነው፣ በቅዳሜ። «መንገድ ልቀቁልኝ» ይሉ ነበር ለሚያውቁትም ለማያውቁትም፣ «ወደ አማቼ ዳቦ ቤት ነው የምሄድ።»