የጓሮው ግማሽ

ሆሳዕና መናኸሪያ፣ ወደ ጊምቢቹ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጫለሁ። እግሬ ሥር ለገበሬዎች የማደርሰው የምርጥ ዘር ስንዴ በጆንያ አለ። አጠገቤ ያሉት እናት በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ታቅፈዋል። ኮምጣጣ ሽታው ሲያውደን አንዱ ተሳፋሪ መስኮት ከፈተ። እኔ ግን ልጅነቴ መጣብኝ።

አንድ ዓመት አባቴ ምርጥ ዘር አግኝቶ ነበር። ማሳው አልበቃ ስላለው የጓሮውን እንሰት ነቅሎ ሊዘራበት ዶማ ይዞ መጣ። በእኛ ዘንድ እንሰት የሴቶች ነው። እናቱ፣ አያቴ ማለት ነው፣ እንሰቱ መሃል ገብታ ቆመች።

«እማ፣ ስንዴው በመስመር ከተዘራ እጥፍ ያፈራል» አላት።

«ግማሹን ውሰድ» አለችው። «ስንዴህ ሰማይ ሰማይ ነው የሚያየው። ይሄ ግን እኛን ያያል።»

ስንዴው ሊያሸት ሲል ዝናቡ ቀጥ አለ። ማሳው እንደቆመ ደረቀ። አያቴ ከተረፈው ግማሽ እንሰት እየፋቀች፣ ቆጮ እየጋገረች ዓመቱን ሙሉ አበላችን። ሁሌም አስቀድማ የምታቀርበው ለአባቴ ነበር። እሱ አቀርቅሮ ይበላል፤ እሷ አንድም ቀን «ብዬህ ነበር» አላለችውም።

በዓመቱ የዘር ወቅት ሲደርስ አባቴ አመነታ። የዘሩን መስመር የሚያቀኑበትን ገመድ ጫፍ አያቴ ራሷ ያዘችለት።

«ዝራ እንጂ» አለችው። «እኔ ጓሮ አለሁ።»

ሚኒባሱ ተንቀሳቀሰ። እናትየው ጆንያዬን አይተው፣ «ልጄ፣ ዘንድሮስ ዝናቡ ይመጣል ትያለሽ?» አሉኝ።

«እንጃ፣ እማማ» አልኳቸው። ቆጮውን ከእቅፋቸው ተቀብዬ ከዘሩ ጎን አስቀመጥኩላቸው።