የልብስ ሰፊው እግር

የፒያኖ አስተማሪዋ ለመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎቿ አሳዛኝ ሙዚቃ የምትመርጠው በጎረቤቷ በሽማግሌው ልብስ ሰፊ ነበር። ስትጫወት ከግድግዳው ወዲያ የስፌት መኪናው ዝም ካለ፣ ይሄስ አንጀት ይበላል ብላ ትመዘግበዋለች።

በአስራ አንደኛው ዓመት ጠየቀቻቸው።

«ጋሼ፣ ይበልጥ ያሳዘነዎት የቱ ነው?»

«የምን ሐዘን? እግሬ መኪናውን የሚረግጠው በአንቺ ምት ነው። ስትንቀራፈፊ እኔም እቆማለሁ።»

ለካስ ቀርፋፋውን ሁሉ አሳዛኝ ነው እያለች ስታስተምር ኖራለች። ዝርዝሩን ቀደደችው።

በማግስቱ ጠዋት ፈጠን ያለ ሙዚቃ ተጫወተች። መኪናው አንዴም አልቆመም። ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው እንዲያሳጥሩላት የሰጠቻቸውን ቀሚስ አመጡላት። ጫፉ እንደ ጆንያ አፍ ግጥም ብሎ ተሰፍቷል።

«ምን ሆነው ነው ጋሼ?»

«እኔ እንጃ ልጄ። ጠዋት ስትጫወቺ ዓይኔ ውሃ ሞልቶ አላይ አለኝ።»

አዲስ ወረቀት አውጥታ የሙዚቃውን ስም ጻፈች።